ከሩቅ የሚያይ ዓይን

ዛሬ የምተርክላችሁ ማሽንን በሩቁ ስለሚጠብቅ ዓይን ነው። ዓመቶቹን እንደምንኖርበት አገር እንደ አሜሪካ፣ በፈረንጅ እቆጥራለሁ።

አሌክሳንድሪያ ላይ ኪንግ ጎዳናን ቁልቁል ይዛችሁ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ስትደርሱ አንድ ትልቅ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ዛሬ ሠዓሊዎችና ሸክላ ሠሪዎች ይሠሩበታል፤ ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበትም ቅዳሜ ወስዶ ያስጎበኘዋል። ስሙ ግን አሁንም "ቶርፒዶ ፋብሪካ" ነው። ግንባታው የተጀመረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተኩስ በቆመ ማግስት፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1918 ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሰርጓጅ መርከቦች የሚተኩሱት ማርክ 14 የተባለው ቶርፒዶ እዚያ ይመረት ነበር። አንዱ አረንጓዴ ቀለሙን እንደተቀባ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ አለ።

ያ ቶርፒዶ ጉድ ነበረበት። በስንት ጫማ ጥልቀት መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው በራሱ የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያው የተገጠመው ወደ ጅራቱ፣ ውሃው ፈጥኖ ሲያልፍ ግፊቱ በሚቀንስበት ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ቶርፒዶው ወደ ላይ የወጣ ይመስለውና ይበልጥ ይጠልቃል፤ ከጠላት መርከብ ሥርም ሾልኮ ያልፋል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት ካፒቴኖች ይህን አይተው ጻፉ፤ ጮኹ። ዋሽንግተን የተቀመጠው የባሕር ኃይሉ የመሣሪያ ቢሮ ግን ጥፋቱን በተኳሾቹ አሳበበ። ቻርልስ ሎክዉድ የተባለ አድሚራል ትዕግሥቱ አለቀና በጁን 1942 ምዕራብ አውስትራሊያ፣ አልባኒ አጠገብ መረብ አዘርግቶ አስተኮሰ። በ10 ጫማ ጥልቀት እንዲሄድ የተሞላው ቶርፒዶ መረቡን የበሳው 25 ጫማ ላይ ነበር! ቢሮው ስህተቱን ያመነው በኦገስት ነው።

ገና አላለቀም። በጁላይ 1943 ቲኖሳ የተባለችው ሰርጓጅ አንድ ግዙፍ የጃፓን መርከብ ላይ ደጋግማ ተኮሰች። ቶርፒዶዎቹ እየመቱ ሳይፈነዱ ቀሩ። ካፒቴኑ ዳን ዳስፒት የመጨረሻውን አልተኮሰውም፤ ፈትተው እንዲመረምሩት ይዞት ፐርል ሃርበር ገባ። በኋላ ሲፈተሽ፣ ቶርፒዶው ቀጥ ብሎ ሲመታ የማፈንጃው መርፌ እየተቀረቀረ ኖሯል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ስለሆነ። መለኪያው አልተሰበረም ነበር፤ በተቀመጠበት ቦታ ያገኘውን ግፊት በታማኝነት ለክቷል። ነፍሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ማሽኑ አጠገብ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ያዩትን ተናግረዋል። ሩቅ ያለው ጠረጴዛ ግን ለቁጥሩ እንጂ ለሰዎቹ ጆሮ አልሰጠም።

ከሩቅ የማየት ሌላ ታሪክ ስላለ፣ አሁን ወደ ቡና ልውሰዳችሁ። በ1991 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች የጋራ የቡና ማፍያ ነበረቻቸው። ሌላ ፎቅ ያሉት በደረጃ ተጉዘው ሲመጡ ባዶ ሆና ያገኟታል። በእኛ ቤት ጎረቤቱ "ቡና ጠጡ" ተብሎ ይጠራል፤ እነሱ ካሜራ ደገኑባት። ምስሏ መጀመሪያ እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ ይታይ ነበር፤ በ1993 ግን በድር ላይ ወጣና በዓለም ላይ ብሮውዘር ያለው ሁሉ ያያት ጀመር። ካሜራው የተዘጋው በ2001 ነው።

የዛሬው ፋብሪካም የሚታየው በዚያው መንገድ ነው። ሞተሩ ላይ የሙቀትና የንዝረት፣ ቧንቧው ላይ የግፊት ሴንሰር ይተከላል። ፒኤልሲ የምትባለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ቁጥሮቹን ሰብስባ ወደ ሰርቨር ትልካለች፤ ሰርቨሩም በገጽ ያቀርባቸዋል። ግን ፒኤልሲዋ ዓይን ብቻ አይደለችም፤ ፓምፕ የምታስነሳና የምታቆም እጅም አላት። መከራው የሚመጣው ከእጇ ነው።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድስት ያጠብንበት ውሃ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ከመሬት በታች በቧንቧ ተጉዞ ብሉ ፕሌይንስ ይገባል፤ ከአሌክሳንድሪያ ፊት ለፊት፣ ወንዙ ማዶ። በቀን 384 ሚሊዮን ጋሎን ማጣራት የሚችል ጣቢያ ነው። ይህን የሚያህል ውሃ ያለ ሴንሰርና ያለ ስክሪን የሚጠብቅ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ በሩቁ ማየትን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ።

የፒኤልሲዋ እጅ የሚያመጣው መከራ ግን ይኸውላችሁ፦ በኖቬምበር 2023 መጨረሻ፣ የምስጋና በዓል በዋለበት ሳምንት ቅዳሜ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አሊኩዊፓ የምትባል ትንሽ ከተማ የውሃ ጣቢያ ተጠቃ። ከኢራን ጦር ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች፣ የውሃ ግፊት የምትቆጣጠረዋን እስራኤል ሠራሽ ፒኤልሲ ያዙና ስክሪኗ ላይ ዛቻ ለጠፉ። አላርሙ ጮኸ። ሠራተኞቹ ሄደው መሣሪያዋን ነቀሉና ፓምፑን በማኑዋል፣ በእጃቸው አስኬዱት፤ የሕዝቡ የመጠጥ ውሃ አልተነካም። ከአሌክሳንድሪያ ጎን፣ አርሊንግተን የሚገኘው ሲሳ የተባለው የፌዴራል የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት በቀናት ውስጥ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ መሣሪያዎቹን ከክፍት ኢንተርኔት አውጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸውን የይለፍ ቃል ለውጡ። ያ የይለፍ ቃል አራት አንዶች ነበር፦ 1111። ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለእናንተ ነው። ከዚህ ሆኖ ደብረ ብርሃን ወይም ዱከም ማሽን ያስተከለ፣ ሊያስተክልም የሚያስብ ወገን አለ። እዚህ በበጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ የሌሊት ተረኛውን እንቅልፍ ሲያዳፋው የእናንተ ዓይን ነቅቷል። ትልቅ ነገር ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ከአሜሪካ የሚከፈተው ገጽ ያሳያችሁ እንጂ የማስነሻና የማቆሚያ ቁልፍ አይኑርበት። ፎርማኑም ማሽኑ ያለወትሮው ሲያጉረመርም ደውሎ ሳያስፈቅድ የሚያቆምበት ሥልጣን ይኑረው።

በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አገር ቤት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ይሠራል። ስለዚህ ፎርማኑ በየሰዓቱ ጌጁን በዓይኑ አይቶ በእስክሪብቶ የሚመዘግብበት ደብተር ይኑረው፤ ኢንተርኔት ባለበትም በሌለበትም ጊዜ ይጻፍበት። መስመሩ ሲመለስ ሴንሰሩ ያከማቸውና እሱ የጻፈው ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከተለያዩ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሴንሰሩ ይሁን።