የሰማይ ፈረሰኞች
(በሬዲዮ ከተነገረው)



ከአዊ አገር፣ ከጥርባ፣ አንድ አድማጫችን በጻፈልን ደብዳቤ የሚከተለውን ጥያቄ አቅርቦልናል። «የልዩ ልዩ መንግሥታት የአየር ኃይሎች በበዓል ቀን አይሮፕላኖቻቸውን በሰማይ ላይ እያገላበጡ ለሕዝብ ያሳያሉ። ከእነዚህ ጓዶች ሁሉ የሚበልጠው የማን አገር ነው?» ይላል። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሚገባ ሊመለስ የሚችለው አስቀድሞ «መብለጥ ማለት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲመረመር ነው።

ይህንን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስበው በዓል ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በዚያ ሜዳ ላይ ሕፃን ልጅ የሚያደንቀው አንደኛ የወጣውን ፈረስ ነው። ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ዓይኑን የሚጥለው ሌላ ቦታ ነው። ፈረሰኞቹ ጎን ለጎን ሲጋልቡ መስመሩ ተቆራርጧልን? ከኋላ ያለው አቧራ እየቃመ ፊተኛውን ሳይለቅ ተከትሏልን? ዳር ለቆመው ሕዝብ ተጠንቅቀዋልን? ሽማግሌው የሚፈርደው በዚህ ነው። እኛም የሰማዩን ጉግስ በዚሁ የሽማግሌ ዓይን እንመልከተው።

አይሮፕላን ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን አይሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ከሆነ ከዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተከበረ፤ ለበዓሉም የአየር ትርኢት ታሰበ። በዚያን ጊዜ ሁበርት ጁልያን የሚባል፣ በትሪኒዳድ ተወልዶ በአሜሪካ በሐርለም ሰፈር ስሙ የገነነ ጥቁር በራሪ አዲስ አበባ ነበር። ይህ ሰው አስቀድሞ በንጉሡ ፊት በጃንጥላ ከሰማይ ዘሎ እጅግ ተደንቆ፣ ተሸልሞም ነበር። ነገር ግን ለዘውዱ በዓል ልምምድ በሚደረግበት ሰሞን ጂፕሲ ሞዝ የምትባለውን የንጉሡን አይሮፕላን አስነሥቶ ሰባበራት። እርሱ ራሱ ከሞት ቢተርፍም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ስለ እውነት ለመናገር ጁልያን ፈሪ ሰው አልነበረም። የጣሊያን ወረራ በቀረበ ጊዜ ኢትዮጵያን ለማገልገል ተመልሶ መጥቷል። የጎደለው ድፍረት ሳይሆን መታዘዝ ነበር። በዚያው ዘመን አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ትምህርታቸውን በትዕግሥት እየተከታተሉ ነበር። ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ብሎ የመዘገበው እነዚህን ሁለቱን ነው። ከዚህ የምንረዳው ትርኢት ማለት አንድ ሰው ራሱን የሚያሳይበት ሳይሆን የትምህርቱ ፍሬ የሚታይበት መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ውጭ አገሮች እንሻገር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የባዕድ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ዛሬ ስማቸው ከሚጠራው ጓዶች መካከል የአሜሪካ የባሕር ኃይል «ብሉ ኤንጅልስ» በ1946 ተቋቋመ። የዚያው አገር አየር ኃይል «ተንደርበርድስ» በ1953 ተከተለ። በፈረንሳይ አገር ጓድ ሠርቶ የመብረር ልማድ ከ1931 ጀምሮ የነበረ ሲሆን «ፓትሩይ ደ ፍራንስ» የሚለው ስም የወጣው በ1953 ነው። ኢጣሊያ በ1961 «ፍሬቼ ትሪኮሎሪ» ማለት ባለ ሦስት ቀለም ቀስቶች የተባለውን ጓድ አቋቋመች። እንግሊዝም በ1965 «ሬድ አሮውስ» ማለት ቀይ ቀስቶችን አቋቋመች። በአህጉራችንም ቢሆን ደቡብ አፍሪቃ፣ ሞሮኮና ግብፅ የየራሳቸውን ጓድ አቁመዋል።

በቍጥር እንመዝን ብንል ብልጫው የኢጣሊያኖቹ ነው፤ አሥር አይሮፕላን ያሰልፋሉና። እንግሊዞች በተለመደው ሰልፋቸው ዘጠኝ፣ ፈረንሳዮች ስምንት፣ ሁለቱ የአሜሪካ ጓዶች ስድስት ስድስት ያሳያሉ። ነገር ግን ቍጥር ብቻውን ዳኛ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በ1958 ባለቀ ነበር። በዚያ ዓመት በፋርንቦሮ የአየር ትርኢት ላይ «ብላክ አሮውስ» የተባለው የእንግሊዝ ጓድ ሃያ ሁለት ሐንተር ጀቶችን በአንድነት በሰማይ ላይ እንደ ቀለበት አዙሯል።

በአይሮፕላኑ ዓይነት እንመዝን ብንል ደግሞ ብልጫው ወደ አሜሪካኖች ያደላል። ብሉ ኤንጅልስ ከ2021 ጀምሮ «ሱፐር ሆርኔት» በተባለው፣ ተንደርበርድስ ከ1983 ጀምሮ ኤፍ 16 በተባለው ተዋጊ አይሮፕላን ይበርራሉ። የአውሮፓ ጓዶች ግን ለብዙ ዘመን የመረጡት የተማሪ ማሠልጠኛ የሆነውን ቀላል ጀት ነው። ተዋጊው በድምፁና በጉልበቱ ልብ ያርዳል፤ ማሠልጠኛው ግን በጠባብ ሰማይ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከተመልካቹ ፊት ሳይርቅ ሥዕሉን ይጨርሳል። እንግዲህ ግዙፍ ፈረስና ቀልጣፋ ፈረስ የየራሳቸው ሙያ እንዳላቸው ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ከቍጥርና ከዓይነት ይልቅ ዕውቀቱ የሚታየው በርቀት ጥበቃ ነው። በጓድ የሚበርር ተከታይ ምድርን አይመለከትም፤ ዓይኑን በመሪው አይሮፕላን ላይ ባለ በአንድ ምልክት ላይ ይተክላል። መሪው በሬዲዮ ሲናገር የድምፁን ምት ይዞ ከእርሱ ጋር ይታጠፋል። ብሉ ኤንጅልስ በጣም በተቀራረቡበት ጊዜ በአንዱ ክንፍና በሌላው አይሮፕላን መካከል ያለው ርቀት ከግማሽ ሜትር ያነሰ እንደሆነ ይነገራል። እንዲሁም አይሮፕላን በኃይል ሲታጠፍ የሰው ደም ወደ እግሩ ስለሚወርድ አብራሪዎች እግርንና ሆድን የሚያጠብቅ በአየር የሚነፋ ልብስ ይለብሳሉ። ብሉ ኤንጅልስ ግን ይህን ልብስ አይለብሱም። ምክንያቱም አብራሪው ክንዱን በጭኑ ላይ አሳርፎ መሪውን ስለሚይዝ፣ ልብሱ በተነፋ ቍጥር ክንዱን ገፍቶ አይሮፕላኑን ያናውጥበታል። በዚህ ፈንታ ጡንቻቸውን እያጠበቁ መታገልን ይማራሉ። በግማሽ ሜትር መካከል ትንሽ የክንድ መነቃነቅ የሰው ነፍስ ታስከፍላለችና።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ደስ የማያሰኘውንም ነገር መናገር ግድ ይሆናል። ጥር ወር ላይ በ1982፣ በኔቫዳ ምድረ በዳ፣ አራት የተንደርበርድስ አይሮፕላኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ቀለበት ሲሠሩ የመሪው አይሮፕላን ከቍልቍለቱ ሊቀና አልቻለም። ሦስቱ ተከታዮች ዓይናቸው ከመሪያቸው ላይ ነበርና አራቱም በአንድነት ከምድር ጋር ተጋጩ፤ አራቱም አብራሪዎች ሞቱ። ታዛዥነታቸው ፍጹም ነበር። ስለዚህም የመሪነት ሸክም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ተከታይ ሕይወቱን ለመሪው አደራ ሲሰጥ፣ መሪው የአራቱንም ምድር ብቻውን ያያል።

ነሐሴ 28 ቀን 1988 ደግሞ በጀርመን አገር በራምሽታይን የኢጣሊያው ጓድ የልብ ቅርጽ ሠርቶ አንዱ አብራሪ ልቡን እንደ ቀስት ሊወጋ ወደ ሕዝቡ አቅጣጫ ሲመጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተጋጨ። አይሮፕላኑም በተመልካቾች መካከል ወደቀ። ሰባ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ሦስቱ አብራሪዎቹ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በብዙ አገሮች ሕጉ ጠነከረ፤ አይሮፕላን ወደ ሕዝቡ ፊቱን አዙሮ እንዳይበርር ተከለከለ፤ በሕዝቡና በትርኢቱ መካከል ያለው ርቀትም ሰፋ። ይሁን እንጂ ሕግ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ሐምሌ 27 ቀን 2002 በዩክሬን፣ በልቮቭ ከተማ አጠገብ፣ አንድ ሱ 27 አይሮፕላን በሕዝብ መካከል ወድቆ ሰባ ሰባት ሰዎች ፈጀ። ሁለቱ አብራሪዎች በጃንጥላ ወጥተው ተርፈዋል። ሕፃን ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ሰማዩን ለማሳየት የመጣ አባት በዚያ ሜዳ የመጣው ለደስታ እንጂ ለጦርነት አልነበረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይላችን በቢሾፍቱ እንደገና ሲቋቋም፣ በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቍስለኛ የረዳው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ተመልሶ መጥቶ ትምህርቱን መርቷል። ተማሪዎቹ በሳብ ሳፊር አይሮፕላን ፊደል ቆጠሩ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ሴበርና ወደ ኤፍ 5 ጀቶች ተሸጋገሩ። በትርኢት የሚታየው ጓድ መጠበቅና መሪን መከተል ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነም ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚግ አይሮፕላኖች የገጠሙት የኤፍ 5 አብራሪዎቻችን፣ እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉት፣ ያሸነፉት በዚሁ ትምህርት ነው።

ለጥርባው አድማጫችን ግን ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ በራሱ አገር የተፈጸመው ነው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ዳንግላ ገና በጣሊያን ጦር እጅ ሳለች፣ ኮሊስ የተባለ እንግሊዛዊ አብራሪ ሻለቃ ዊንጌትን ከካርቱም አሳፍሮ ወደ ጎጃም በረረ። ያረፈውም በሰከላ፣ በፋግታ በኩል፣ ኮሎኔል ሳንድፎርድና አብረውት የነበሩት ሰዎች በስውር ባስጠረጉት ሸካራ ሜዳ ላይ ነበር። ዊንጌትና ሳንድፎርድ የተመካከሩት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው ስለሚገቡበትና አርበኞች ስለሚረዱበት ነገር ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። በዚያ ተራራ ላይ ባለቀለም ጭስ አልነበረም፤ ጭብጨባም አልነበረም። ቢሆንም ያች አንዲት አሮጌ አይሮፕላን ያሳየችው ሙያ ለዳኛ ቢቀርብ ከዘጠኝና ከአሥር ጓድ አያንስም።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ የሚከተለው ነው። በቍጥር ኢጣሊያኖች ይበልጣሉ፤ በጉልበት አሜሪካኖች፤ በሥዕል ውበት እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ይወደሳሉ። በላጭ የሚባለው ግን ተከታዩ መሪውን ሳይጠራጠር የሚከተለው፣ መሪውም ይህን አደራ የማያጎድለው፣ ስሕተቱን ሳይደብቅ ከስሕተቱ ሕግ የሚያወጣው፣ ሊያየው የመጣውን ሕዝብ በሙሉ ጤና ወደ ቤቱ የሚመልሰው ጓድ ነው። ይህ ብልጫ በአንድ ቀን ተገኝቶ ለዘላለም የሚቀመጥ ዋንጫ አይደለም፤ ዛሬ ያለው ነገ ሊያጣው ይችላል።

የጥርባው ወንድማችን ሆይ፤ በሚመጣው ጥር 23 ከእንጅባራው ሜዳ ዳር ቆመህ ፈረሰኞቹን ስትመለከት፣ አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን መስመሩን ያልለቀቀውን ፈልገህ እየው። አንድ ቀን ከልጆችህ አንዱ አብራሪ ለመሆን ቢመኝም አስቀድመህ የምታስተምረው ይህንኑ ይሁን።