የመንጌ ቋጥኞች ሥዕልና የመንገደኞች ዐይን

ስለ ቤኒ ሻንጉል በተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከሰው ስም ይልቅ ቀድሞ የሚገኘው የወርቅ ስም ነው። ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ ወደ አሶሳ፣ ወደ መንጌና ወደ ኩርሙክ ተራሮች የዘለቁት የውጭ አገር መንገደኞች አብዛኞቹ ወርቅ ፍለጋ ወይም ወርቅ ፈላጊን ተከትለው የመጡ ስለ ነበሩ፣ ዐይናቸው የሚያተኩረው በወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። ቀና ብለው የቋጥኙን ገጽ የመረመሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህም በአካባቢው ዐለቶች ላይ የተሣሉት ሥዕሎች በጥናት መጽሔት ላይ ታትመው የወጡት ገና በቅርብ ዓመታት ነው። መዘግየቱ ራሱ የታሪክ ጉዳይ ሆኖ ሊመረመር ይገባዋል፤ ሥዕሎቹ ከአገሬው ሰው ተሰውረው አያውቁምና።

ከእነዚህ መንገደኞች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ነው። ካዮ የማዕድን ዐዋቂ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ ለግብፁ ገዥ ለመሐመድ ዓሊ በምሥራቅ ግብፅ በረሓ የነበሩትን ጥንታዊ የመረግድ ጉድጓዶች ፈልጎ አግኝቶ ነበር። የገዥው ልጅ ኢስማኢል ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1821 ጦሩን ይዞ ዐባይን ሽቅብ ሲወጣ ካዮም አብሮት ተጓዘ፤ በ1822 መጀመሪያ ላይም ከፋዞግሊ አልፎ እስከ በርታ ሕዝብ ተራሮች ደረሰ። ይህ ሰው ሥዕል የማይገባው ሰው አልነበረም። በሜሮዌ ፒራሚዶች ፊት ቆሞ የግንቡን ቅርጽና ምስል በትዕግሥት የገለበጠ፣ ከ1826 ጀምሮ በታተመው መጽሐፉም የሜሮዌን ፍርስራሽ ለአውሮፓ አንባቢ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ወደ በርታ ተራሮች የመጣው ግን መንደር ከሚያቃጥል፣ ባሪያ ከሚፈነግልና ወርቅ ከሚፈልግ ጦር ጋራ ነበር። ቤቱን ጥሎ ወደ ገደል የሸሸ ሕዝብ ለእንግዳ የሚያሳየው ሥዕል አይኖረውም።

ከካዮ በኋላ የመጡትም በዚያው መንገድ ተመላለሱ። ኦስትሪያዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ዮሴፍ ሩሴገር በ1838 የመጣው የወርቁን መጠን ለመመርመር ነው። መሐመድ ዓሊ ራሱ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ እስከ ፋዞግሊ የወጣው በ1838 እና በ1839 መካከል ነበር። ሩሲያዊው ዬጎር ኮቫሌቭስኪ ደግሞ በ1848 የቱማትን ወንዝ ተከትሎ ሲሄድ ያገኘውን አንድ ጅረት በካርታው ላይ «ኔቭካ» ብሎ መዘገበው፤ ስሙ የተወሰደው ከፒተርስበርግ ከተማ ወንዝ ነው። በጅረቱ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ለውኃቸው ስም አጥተው እንዳልነበረ መናገር አያስፈልግም።

ሆላንዳዊው ዩዋን ማሪያ ስሑቨር ከእነዚህ ለየት ይላል። ከ1881 እስከ 1883 ድረስ በግል ገንዘቡ እየተጓዘ በዛሬው የሱዳንና የኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ኖረ፤ ከየሕዝቡ ጋራ ተቀምጦ ቋንቋውንና ልማዱን ጻፈ። የሰበሰባቸው የእጅ ሥራ ውጤቶችም በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ገብተዋል። እርሱ ራሱ በ1883 በባሕር አል ገዛል ተገድሏል፤ የጉዞ ጽሑፎቹ ተሟልተው በእንግሊዝኛ የታተሙት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1996 ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ልማድ፣ ዕቃው የሚመዘገበው በነገዱ ስም እንጂ በሠሪው ስም አልነበረም። ቅሉን ያስጌጠችው ሴት፣ እንጨቱን የጠረበው ሰው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልተገኘም። በዚህ ዐይነት አሠራር የአንድ አገር ጥበበኞች በሙሉ ስም የለሽ ሆነው ቀሩ፤ ስም ስላልነበራቸው ሳይሆን የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ነው።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ዘምተው የአሶሳን፣ የቤላ ሻንጉልንና የኮሞሻን ሼኾች ለዐፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ አካባቢው በወርቅ ግብር ይታወቅ ጀመር። ይህ ታሪክ በሰፊው ስለ ተጻፈ እዚህ ማስረዘሙ አስፈላጊ አይመስልም። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልሲ በ1981 ባሳተሙት ጥናት «ቤላ ሻንጉል» የሚለውን ስም በርእሳቸው ላይ አስፍረዋል። «ቤኒ ሻንጉል» የሚለው አጠራር፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ስሙን በራሳቸው አንደበት ሲለውጡት የመጣ ነው። በበርታ ቋንቋ ቤል ወይም ቤላ ማለት ድንጋይ፣ ቋጥኝ ማለት ነው፤ ቤላ ሻንጉልም የሻንጉል ዐለት ይሆናል። ዐለቱ በመንጌ አካባቢ የሚገኝና በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ነው። እንግዲህ አገሩ በሙሉ በአንድ ቋጥኝ ስም የሚጠራ ከሆነ፣ ለቋጥኝ ያለው ስሜት ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ቪክቶር ፌርናንዴስ መሪነት የመጡ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በዚህ አካባቢ ጥናት አካሄዱ። በአሶሳ አቅራቢያ ካአባ እና ቤል ኩርኩሙ በተባሉ የዐለት ጥላዎች ሥር ቆፍረው ያገኟቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች በ2007 አሳተሙ። ፕሮፌሰር ፌርናንዴስ በ2011 ያሳተሙት ሌላው ጥናት ቤል አሽ ሸሪፉ እና ቤል ቤምቤሽ ስለ ተባሉ ሁለት ባለ ሥዕል ቋጥኞች ነው። የጽሑፉ ርእስ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ያስተሳስራል፤ እነርሱም የዐለት ሥዕል፣ የዝናብ ልመናና እስልምና ናቸው።

ሥዕሎቹን ለማየት የሚሄድ ከተሜ በመጀመሪያ ግራ ሊጋባ ይችላል። የኢትዮጵያ የዐለት ሥዕል ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ እንደ ለገ ኦዳ ባሉት ቦታዎች የሚታየው ነው። በዚያ ላም ከነቀንዷ፣ ከነጡቷ ትታወቃለች። ከብት የጠበቀ ሁሉ ሥዕሉን ሲያይ የሚያውቀውን እንስሳ ስላገኘ ደስ ይለዋል፤ አስረጂም አያሻውም። የመንጌዎቹ ግን እንዲህ አይደሉም። መስመርና ልዩ ልዩ የጂኦሜትሪ ቅርጽ እንጂ በስሙ የሚጠሩት እንስሳ አይገኝባቸውም። የሚመሳሰሉትም ከአፍሪካ ቀንድ ሥዕሎች ጋራ ሳይሆን ከዩጋንዳ እስከ ማላዊ ተዘርግቶ ከሚገኘው የመካከለኛው አፍሪካ ረቂቅ ሥዕል ጋራ ነው። በዩጋንዳ ኒዬሮ በተባለው ቦታ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ክቦች አሉ፤ በማላዊ በቾንጎኒ ኮረብቶች 127 ያህል ሥፍራዎች ተመዝግበው በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ በዚያም የቼዋ ሕዝብ ሥርዐት እስከ ዛሬ ከሥዕሎቹ ጋራ የተያያዘ ነው።

ስለዚህ በመንጌ ቋጥኝ ፊት የሚቆም እንግዳ ልቡ የሚነካው ባየው ነገር ብቻ አይደለም። አጠገቡ የቆመው የአገሬው ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ወደ ድንጋዩ በድፍረት ሳይጠጋ ሲቀር፣ እንግዳውም ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስሜቱ ከሥዕሉ ወደ ባለ አገሩ፣ ከባለ አገሩ ወደ እንግዳው የሚተላለፍ ነው። በርታዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ከሱዳን በኩል የመጡ የሃይማኖት መምህራን ትምህርቱን ካስፋፉ ረዥም ዘመን ሆኗል። ቢሆንም ዝናብ ሲዘገይ ወደ ዐለት መሄድ ከአዲሱ እምነት ጋራ ተዋሕዶ እንጂ ተሽሮ አልቀረም። ቤል አሽ ሸሪፉ የሚለው ስም ራሱ ድንጋዩን ከበርታ ቋንቋ፣ ሸሪፉን ከእስልምና ወስዶ ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ለገበሬ የዝናብ ነገር የጌጥ ነገር አይደለም። ያ መስመር የቆመው ለዘር፣ ለእህልና ለልጆች ሕይወት ከሆነ፣ «ያምራል ወይስ አያምርም» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል የራቀ ጥያቄ ነው!

በስፔን በአልታሚራ ዋሻ የሆነው ለማነጻጸር ይጠቅማል። ማርሴሊኖ ሳንስ ዴ ሳውቱኦላ በ1879 ወለሉን እየቆፈረ የድንጋይ መሣሪያ ሲፈልግ፣ ቀና ብላ በጣራው ላይ ያሉትን ጎሾች ያየች የስምንት ዓመት ልጁ ማሪያ ነበረች። ሊቃውንቱ ግን የጥንት ሰው እንዲህ ሊሥል አይችልም ብለው ሰውየውን አላመኑትም፤ በ1902 አንዱ ዋና ተቃዋሚ ኤሚል ካርታያክ ስሕተቱን በጽሑፍ ሲያምን ሳውቱኦላ ከሞተ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በቤኒ ሻንጉል ደግሞ እንደ ማሪያ ቀና ብለው ያዩት ልጆች በየትውልዱ ነበሩ፤ ሊቃውንቱ ናቸው ያልጠየቋቸው።

ከቋጥኙ ወደ ሰው ገላ ዞር ስንል ሌላ መስመር እናገኛለን። ከበርታ አረጋውያን ብዙዎቹ በጉንጮቻቸው ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ ምልክቶች አሉባቸው። የጉሙዝ ሴቶች በገላቸው ላይ የሚያወጡት ንቅስና ጠባሳ እጅግ የረቀቀ ሥርዐት አለው፤ ሸክላውንም የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ገላው ከዐለቱ ተቀዳ፣ ወይም ዐለቱ ከገላው ተማረ ብሎ መደምደም ችኩልነት ይሆናል። ነገር ግን መንገደኞቹ «ጠባሳ» ብለው በአንድ ቃል ያለፉት ነገር፣ ዐዋቂ እጅ የሚጠይቅ የሥዕል ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ የቤተ ክርስቲያንን ሥዕልና የአውሮፓን ዘዴ ጎን ለጎን ይዘው ተነሡ። በመስመርና በቅርጽ ብቻ መናገር እንደ ባሕር ማዶ ፈሊጥ ተቈጥሮ ብዙ ክርክር ባስነሣበት ጊዜ፣ በመንጌ ያለው ቋጥኝ በክርክሩ ውስጥ የተጠቀሰበት የለም፤ ቢታወቅ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ዛሬም አካባቢው በወርቅ የሚፈለግ ነው። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣው ሕዝብ ብዙ ሲሆን፣ በመሣሪያ የሚቈፍሩ ድርጅቶችም ገብተዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዛል። አዋጁ የታሰበው ድንገት ለሚገኝ ዕቃ ነው፤ እነዚህ ቋጥኞች ግን በባለ አገሮቹ ዘንድ ጠፍተው የተገኙ አይደሉም፣ ስማቸውን፣ መንገዳቸውንና ወደ እነርሱ የሚኬድበትን ወራት የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ የሚምስ ሰው የትኛውን ዐለት ትቶ ማለፍ እንዳለበት ሊያሳዩት የሚችሉት እነርሱ ናቸው፤ ጉድጓዱ ከመማሱ በፊት የሚጠይቃቸው ከተገኘ።