ልሙጥ ላሜራ እንዴት ክብ ሆነ?

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ለመታሰቢያው መጽሐፍ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ሰዎች መጻፍን መረጡ። ይህም የሚያስመሰግን ነው። እኛ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ስለማይነሣ አንድ ሥራ ጥቂት ለመናገር አሰብን፤ ይኸውም ልሙጥ የሆነውን የብረት ላሜራ አጥፎና ጠቅልሎ ክብ የማድረግ ሥራ ነው። አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ ሳይንቀው እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን፤ በዚህ ሥራ መጓደል ብዙ ሰው ሞቶበታልና፥ በመሻሻሉም ብዙ ሰው ድኖበታልና። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብረትን አግሎ በመዶሻ መቀጥቀጥ እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ቱባልቃይን የናስና የብረት መሣሪያ የሚሠራ ሰው እንደ ነበረ ተጽፎ እናገኛለን። በአገራችንም ቀጥቃጩ በወናፉና በጉጠቱ ማረሻውን፥ ማጭዱንና ጦሩን ሲያወጣ ኖሯል። ነገር ግን በመዶሻ ብቻ ሰፊና ስስ የሆነ ላሜራ ማውጣት ከባድ ድካም ነው፤ ቢወጣም ውፍረቱ በአንዱ ስፍራ ወፍሮ በሌላው ስፍራ ሳስቶ ይገኛል። ለማረሻ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ኋላ እንደምናየው ግን እንፋሎት ለሚያምቅ ዕቃ የሞት ምክንያት ይሆናል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ብረቱን በሚሽከረከሩ ሁለት ሮለሮች መካከል አሳልፎ መዳመጥ ነው። እናቶቻችን ጥጡን በድንጋይ ላይ አኑረው በብረት መዳመጫ ሲያዳምጡ ያየ ሰው አሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። በእንግሊዝ ደሴት በዌልስ አገር በፖንቲፑል ከተማ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጆን ሃንበሪ የሚባል ባለሀብት ብረትን በዚህ መንገድ እየዳመጠ ስስ ላሜራ ያወጣ ጀመር። በ1783 ደግሞ ሄንሪ ኮርት የሚባል እንግሊዛዊ ቦይ ባላቸው ሮለሮች ብረት የሚዳመጥበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ላሜራና የብረት ዘንግ በብዛትና በርካሽ ዋጋ ይወጣ ጀመር።

እንግዲህ ላሜራው ተገኘ፤ ክብ ማድረግስ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ እንፋሎት ነው። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 በእንፋሎት የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር አቆመ፤ ከእርሱም በኋላ ጄምስ ዋት ሞተሩን እጅግ አሻሻለው። ለእነዚህ ሞተሮች ውሃ የሚፈላበት ትልቅ የብረት ጋን፥ ማለት ቦይለር፥ ያስፈልጋል። በዋት ዘመን የነበረው ቦይለር የሠረገላ ክዳን የሚመስል፥ ጎኖቹም ክብ ያልሆኑ ነበር። የእንፋሎቱ ግፊት አነስተኛ ስለ ነበረ ይህ ቅርጽ ለጊዜው ቻለው። ግፊቱ ሲበረታ ግን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ውጭ ያብጣል። የከብት ፊኛ ሲነፋ ማንም ሳያዝዘው ክብ እንደሚሆን፥ በውስጡ ግፊት ያለበት ዕቃ ሁሉ ክብ መሆን ይሻል። ቀድሞውኑ ክብ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ግን ቅርጹን የሚለውጥበት ምክንያት ስለሌለው ግፊቱን በላሜራው ዙሪያ ሁሉ አከፋፍሎ ይሸከመዋል።

ይህን የተረዳው ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው የኮርንዎል መሐንዲስ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ሊጠቀም ፈልጎ ቦይለሩን የበርሜል ቅርጽ አደረገው። ሆኖም በቅልጥ ብረት የተሠራው አንዱ ቦይለሩ በ1803 ለንደን አጠገብ በግሪንዊች ፈንድቶ ሰዎችን ገደለ። ቅልጥ ብረት ተሰባሪ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። ትሬቪቲክም ከዚያ በኋላ ለቦይለሮቹ የአደጋ መከላከያ ጨመረላቸው። እየቆየም የቦይለር ሠሪዎች ቅልጡን ትተው በተዳመጠው ላሜራ መሥራትን መረጡ። ላሜራ ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣልና።

አሁን ላሜራው በሥራ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀለል እንናገር። ዋናው መሣሪያ ሦስት ሮለሮች አሉት፤ ሁለቱ ከታች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ከላይ በመካከላቸው ይውላል። ላሜራው በመካከል ገብቶ የላይኛው ሮለር ወደ ታች ሲጫነው ይጎብጣል፤ ወዲያና ወዲህ በተመላለሰ ቁጥር ጉብጠቱ ወደ ክብነት ይጠጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሦስት ምስጢሮች ግን አሉት።

አንደኛው የልኩ ነገር ነው። ላሜራ ሲጎብጥ የውጭው ፊት ይለጠጣል፥ የውስጡ ፊት ይጨመቃል፤ ርዝመቱን ሳይለውጥ የሚቀረው መካከሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የውስጥ ዲያሜትሩ 1000 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ በርሜል ለመሥራት ላሜራውን 3142 ሚሊሜትር አድርጎ የቈረጠ ሰው ይሳሳታል። ትክክለኛው ስሌት 1010 በፓይ ተባዝቶ የሚገኘው 3173 ሚሊሜትር ነው። ውፍረቱን የዘነጋ ሠራተኛ ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ 3 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይቀርበታል። በጂኦሜትሪ ክፍል «ይህ ምን ይጠቅማል?» እያልን የምናጕረመርም ተማሪዎች መልሱን እዚህ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው፥ ብረት የቀድሞ ቅርጹን ፈጽሞ አይረሳም። ሮለሩ ሲለቀው ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ከሚፈለገው ክብ ይልቅ ጥቂት አጥብቆ ይጠቀልለዋል። ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጠቀልለው በላሜራው ዓይነትና ውፍረት ይለያያል፤ ይህንንም ሠራተኛው በልምድ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ምስጢር ከሁሉ ይበልጣል። የላሜራው ጫፍ በሦስቱ ሮለሮች ሥር በአንድነት ሊያዝ ስለማይችል በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዳር ጥቂት ስፍራ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ጠንቃቃ ሠራተኛ አስቀድሞ ሁለቱን ጫፎች ለብቻ ያጎብጣቸዋል። ቸኳይ ሠራተኛ ግን በርሜሉ ከተጠቀለለ በኋላ ያልታጠፈውን ጫፍ በትልቅ መዶሻ እየደበደበ በግድ ያስገባዋል። ከውጭ ሲያዩት ክብ ይመስላል፤ ክብ ግን አይደለም።

ይህ ጉድለት ለምን እንደሚገድል ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃናል። ዲያሜትሩ 150 ሴንቲሜትር የሆነ፥ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 7 ኪሎ ግፊት የሚያርፍበት ቦይለር እናስብ። በየ1 ሴንቲሜትሩ ርዝመት ቦይለሩን ለሁለት ሊከፍል የሚታገለው ኀይል 7 በ150 ሲባዛ 1050 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 525 ኪሎ ይደርሳቸዋል። በዙሪያው በኩል ያለው መጋጠሚያ የሚሸከመው ግን የዚህን እኩሌታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሰጋው በቦይለሩ ርዝመት የሚሄደው መጋጠሚያ ነው፤ ላሜራው ሳይጎብጥ የቀረውም በዚያው ስፍራ ነው። በዚያ ላይ መጋጠሚያው በሪቬት ይያዝ ስለ ነበረ ብዙ ቀዳዳ ይበሳለት ነበር። ታዋቂው መሐንዲስ ዊሊያም ፌርበርን ፈትኖ እንዳረጋገጠው፥ የሙሉው ላሜራ ጥንካሬ 100 ቢባል በአንድ ረድፍ ሪቬት የተጋጠመው 56፥ በሁለት ረድፍ የተጋጠመው 70 ብቻ ነው።

የጥንቃቄ ጉድለት ምን እንዳመጣ ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በሚያዝያ ወር 1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በማለቁ ከምርኮ የተፈቱ ወታደሮች ሱልጣና በምትባል የእንፋሎት መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ወደ አገራቸው ይጓዙ ነበር። መርከቢቱ የተፈቀደላት 376 ሰው ሲሆን ከ2000 በላይ ተጭኖባት ነበር። ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ከቦይለሮቿ አንዱ አብጦ ተገኝቷል። ያበጠውን ላሜራ አውጥቶ በደንብ ማደስ ጊዜ ስለሚፈጅ፥ ከዋናው ላሜራ የሳሳ ልጥፍ ተለጥፎበት ጉዞው ቀጠለ። በሜምፊስ ከተማ አጠገብ በሌሊት ቦይለሮቹ ፈነዱ፤ ከ1100 በላይ ሰው በእሳትና በውሃ አለቀ። አደጋውን ብዙ ምክንያቶች ተደራርበው እንዳመጡት ይነገራል፤ ችኮላ ግን ከሁሉም ውስጥ አለበት። ከጦርና ከእስር ቤት ተርፈው እናታቸውን ለማየት የጓጉ ወጣቶች በቦይለር ምክንያት መቅረታቸው የሚያሳዝን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ አስተማሪ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1905 በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ በሚገኘው የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ፥ አዲሱ ቦይለር ቆሞ አሮጌው ይሠራ ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹ ሥራ እንደ ጀመሩ አሮጌው ቦይለር ፈንድቶ ጣራውን ሰብሮ ወጣ፤ ሕንፃው ወደቀ፥ እሳትም ተነሣበት። 58 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ምክንያቱ ሲመረመር በመጋጠሚያው ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅ ነበር።

ስንጥቁ ከየት መጣ? በዚያ ዘመን በብዙ ቦይለሮች የላሜራው አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ተደርቦ በሪቬት ይያዝ ነበር። የተደረበ በርሜል ደግሞ ፍጹም ክብ ሊሆን አይችልም፤ በመደረቢያው ላይ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ከፍ ብሎ ይቀመጣልና። ግፊቱ በመጣ ቁጥር በርሜሉ ወደ እውነተኛው ክብ ሊመለስ ሲታገል ላሜራው በመጋጠሚያው ዳር በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ግፊቱ ሲበርድ ይመለሳል። ሽቦን በእጃችን ወዲያና ወዲህ ስናጣጥፈው መጨረሻ እንደሚበጠስ፥ ላሜራውም ከብዙ ዓመት በኋላ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከተደረበው ላሜራ ሥር ስለ ሆነ የመርማሪ ዐይን አያገኘውም።

በ1906 በዚያው ግዛት በሊን ከተማ የሌላ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈነዳ። ማሳቹሴትስም በ1907 ስለ ቦይለር አሠራር ሕግ አወጣች። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 ኮሚቴ አቋቁሞ የ1914 የቦይለር ደንቡን አዘጋጀ፤ ይህ ደንብ እየታደሰ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በትልልቅ ቦይለሮች ላይ መደረቡ ቀርቶ፥ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ተገናኝተው ከውስጥና ከውጭ በላሜራ ቍራጭ እንዲታሰሩ ተደረገ፤ በዚህም በርሜሉ እውነተኛ ክብ ሆነ። ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ ብየዳ የሪቬትን ቦታ እየወሰደ ሄደ፤ የተበየደውም በኤክስሬይ ይመረመር ጀመር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ሁቨር ግድብ ሲሠራ ውሃ የሚያወርዱት ትልልቅ ቱቦዎች ዲያሜትራቸው 9 ሜትር ያህል ስለ ነበረ በባቡር ሊጫኑ አልቻሉም። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ወደ ግድቡ አጠገብ ሄዶ፥ እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚወፍረውን ላሜራ በዚያው ጠቀለለው፥ በየደው፥ በኤክስሬይም መረመረው።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የሚስበው በቦይለር ኀይል ነበር፤ በድሬዳዋ የነበረው ትልቅ የጥገና ሥራ ቤትም ብዙ ኢትዮጵያውያንን የብረት ሥራ አስተምሯል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር ሠራተኞችም ለብዙ ዘመን አሮጌ በርሜል ዘርግተው፥ ቀጥቅጠውና አጥፈው ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሲያወጡበት ኖረዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ጥበብ በእጁ የያዘውን ሰው እንዴት አድርገን አከበርነው? «ጠይብ»፥ «ቡዳ» እያልን ስንሰድበው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል እንኳ ቢሮና ወንበር እንጂ መዶሻና ሮለር የሚመኝ ጥቂት ነው። ወላጆቻችንም ልጃቸው በያጅ እንዲሆን ከሚመርቁት ይልቅ ባለሥልጣን እንዲሆን የሚመርቁት ይበዛሉ።

እኛ ግን ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህን ነው። በብሮክተን የሞቱት 58 ሰዎች ቦይለሩን የጠቀለለውን ሰው አላዩትም፤ እርሱም አላያቸውም። ነገር ግን ሕይወታቸው በእጁ ነበረ። ዛሬም የቤንዚን ቦቴው፥ የሆስፒታሉ የኦክስጅን ጋን፥ ከግድቡ ወደ ተርባይኑ የሚወርደው ቱቦ ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ሥራ ቤት ጠቅልሎ የሠራው ነው። ያ ሰው ልኩን በትክክል ያሰላ እንደ ሆነ፥ ጫፉን በመዶሻ አስገድዶ ሳይሆን አስቀድሞ በጥንቃቄ አጉብጦ እንደ ሆነ፥ እኛ አጠገቡ ስናልፍ አናውቅም፤ አምነን እናልፋለን። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሥራ ሊናቅ አይገባም። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ቢኖሩ በርቱ እንላቸዋለን፤ የቀረነውም ስናገኛቸው ባርኔጣችንን አንሥተን እጅ እንንሣቸው።