ስለ ፎቶግራፍ ብልጭታ አመጣጥና ስለ ሰው ፊት ክብር

የሰው ልጅ የራሱንና የወዳጁን መልክ ለተከታዩ ትውልድ ለማቈየት ያለው ምኞት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሠዓሊው በብሩሽ፣ ቀራጺው በመሮ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ፎቶግራፍ በብርሃን ሊሠራው ተነሣ። ዳሩ ግን ብርሃን እንደ ብሩሽና እንደ መሮ ለእጅ የሚታዘዝ መሣሪያ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዘመንና ብዙ ድካም አስፈልጓል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ብርሃን በፎቶግራፍ አንሺው መዳፍ እስኪገባ ድረስ ያለፈበትን መንገድ ባጭሩ ለመግለጽና ከዚሁ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት ለማመልከት እንሞክራለን። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ዘዴ በ1839 በፓሪስ ለዓለም በተገለጸ ጊዜ የፎቶግራፍ ሠራተኛው ጌታ ፀሐይ ነበረች። በብር የተለበጠው ሰሌዳ ብርሃንን የሚቀበለው እጅግ ቀስ ብሎ ስለ ነበረ፣ መልኩን የሚያስነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ ደቂቃዎች መቈጠር ነበረበት፤ ራሱም እንዳይወዛወዝ ከበስተኋላው በብረት መደገፊያ ይያዝ ነበር። ፎቶ ቤቶችም ብርሃን እንዲገባላቸው ጣሪያቸው በመስተዋት ይሠራ ነበር። ሰማዩ በደመነ ቀን ሥራው ይስተጓጐላል፤ ሲመሽ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ከፀሐይ ሌላ ብርሃን መፈለግ ጀመሩ። በ1851 እንግሊዛዊው ፎክስ ታልቦት በለንደን የጋዜጣ ገጽ በሚሽከረከር መንኰራኵር ላይ ለጥፎ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ፎቶግራፍ አነሣው። ናዳር በሚል ስም የታወቀው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1861 በኤሌክትሪክ መብራት ከፓሪስ ከተማ በታች ያለውን የአፅም ማከማቻ ዋሻ አነሣ። አንዱን ሥዕል ለማንሣት እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅበት ስለ ነበረ፣ በሠራተኞች ፈንታ አሻንጉሊት ሰዎችን አቆመ። ይኸው ሰው በዚህ መብራት የሕያው ሰው መልክ ባነሣ ጊዜ ጥላው እጅግ ጠቊሮ አስቸገረው፤ ስለዚህ ብርሃኑን በሚያንጸባርቅ ነገር እየመለሰ ጥላውን ለማለዘብ ደከመ። ይህ ድካሙ ኋላ የምናየው ጥበብ መነሻ ነው። በ1864 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የማግኒዚየም ሽቦ እያነደዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ተጀመረ። ብርሃኑ ብሩህ ነበር፤ ነገር ግን ጢሱ ቤቱን ይሞላው ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1887 ነው። ሚተና ጌዲከ የተባሉ ጀርመኖች የማግኒዚየም ዱቄትን ከሌሎች ቅመሞች ጋራ አዋሕደው፣ ባንድ አፍታ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ዱቄት ሠሩ። ይህን ወሬ በጋዜጣ ካነበቡት አንዱ በኒውዮርክ የሚኖረው የዴንማርክ ተወላጅ ጋዜጠኛ ጄከብ ሪስ ነበር። ሪስ ድኾች ተጨናንቀው ወደሚያድሩባቸው ጨለማ ቤቶች በሌሊት እየገባ ዱቄቱን በመጥበሻ ላይ ያነድ ነበር። በዚህም ሥራ ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜም የገዛ ልብሱን አቃጥሏል። በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ የብዙ ሰዎችን ሕሊና ቀሰቀሰ፤ በ1896ም ቴዎዶር ሩዝቬልት የከተማው ፖሊስ ቦርድ ሊቀ መንበር ሳለ፣ ሪስ ሲቃወማቸው የኖሩት በፖሊስ ጣቢያ ያሉ የድኾች ማደሪያዎች ተዘጉ።

የዚህ ሥራ ጥቅም የማይካድ ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹን አተኵሮ የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ ከእንቅልፋቸው ደንግጠው የተነሡ፣ ዐይናቸው በብልጭታው የፈዘዘ፣ ፈቃዳቸውን ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎችን ያያል። ብርሃን እውነትን ለመግለጥ የሚያገለግለውን ያህል ሰውን ለማስደንገጥም ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ ወዲህ ብልጭታው እየተገራ ሄደ። በ1929 በጀርመን አገር ከጢስና ከእሳት አደጋ የሚያድን፣ በውስጡ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና ኦክሲጅን የያዘ አምፑል ለገበያ ቀረበ፤ ሆኖም አንዱ አምፑል የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን፣ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ጋዝ ባለበት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ በድንገት ሲለቀቅ የሚሰጠውን ብልጭታ ለፎቶግራፍ አዋለው። ይህ ብልጭታ እጅግ አጭር ከመሆኑም በላይ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አያልቅም። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ትንሹ ፍላሽ የዚሁ ዘር ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ማነሱ ሥራውን አላቀለለውም። ትንሽ ብርሃን ጠርዙ የተሳለ ጥላ ይጥላል፤ ከካሜራው ራስ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲበራ ደግሞ የጉንጭንና የአፍንጫን ቅርጽ አጥፍቶ ፊትን እንደ ሰሌዳ ዝርግ ያደርገዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎች ፍላሹን ከካሜራው አላቀው፣ ከሚነሣው ሰው ወደ ጎንና ከፍ አድርገው ያኖሩታል። ያን ጊዜ በጥላው በኩል ባለው ጉንጭ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ይቀራል፤ ይህም በ1669 በሞተው በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም ይጠራል። ብርሃኑን ለማለዘብም በነጭ ጃንጥላ፣ በነጭ ግድግዳ ወይም በተወጠረ አቡጀዲ ላይ አንጥረው ይመልሱታል፤ የብርሃኑ ምንጭ በሰፋ መጠን ጥላው ይለሰልሳልና። ርቀቱም የራሱ ሕግ አለው፤ በ1 ሜትር የነበረ መብራት ወደ 2 ሜትር ሲርቅ ብርሃኑ ሩብ፣ ወደ 3 ሜትር ሲርቅ ዘጠነኛ እጅ ይሆናል።

ይህ ጥበብ ለእኛ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለቀለም ማስተካከያ ወደ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ካርድ የነጭ ሴት መልክ ያለበት ነበር። ስለዚህ ጥቁርና ጠይም ፊት ብዙ ጊዜ መልኩ ተለይቶ ሳይታወቅ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የፊቱ ሳይሆን የመለኪያው ነበር። ጠይም ፊት ፊት ለፊት በተወረወረ ብልጭታ ያብለጨልጫል እንጂ አይገለጥም፤ ከጎን በመጣ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ግን ግንባሩ፣ ጉንጩና አገጩ ቅርጻቸውን ይዘው ይታያሉ።

እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት ጥቂት ባነሰው በዚህ ታሪክ የሰው ብልኀት ብርሃንን አሳንሶ በእጁ አስገባው፤ ቀጥሎም መልሶ ማስፋትንና ማለዘብን ተማረ። ብርሃን በእጁ ያለ ሰው ሁሉ፣ ፎቶግራፍ አንሺም ይሁን መምህር ወይም ሹም፣ የሌላውን ሰው ፊት የሚያሳይበትን መንገድ የመምረጥ ኀላፊነት አለበት። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ የቆመበትን ስፍራ ይመርምር፤ መብራቱን የሚያበራው ከዚያ በኋላ ይሁን።