የኤምሬቶች የኃይል ስትራቴጂ 2050፦ ከጋዝ ወደ ፀሐይ የሚደረገው ሽግግር

«የኤምሬቶች የኃይል ስትራቴጂ 2050» የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የኃይል አቅርቦቷንና ፍላጎቷን እስከ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ የምታቅድበት አገራዊ ሰነድ ነው። ሰነዱን በጃንዋሪ 2017 ይፋ ያደረጉት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ሚኒስትርና የዱባይ ገዥ ክቡር ሼክ ሞሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም ናቸው። በጁላይ 2023 ደግሞ ተሻሽሎ ጸድቋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕቅዱ መነሻና መሻሻል

ስትራቴጂው ሲወጣ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝ ነበር። በነዳጅ ዘይት ላኪነቷ የምትታወቀው አገር የራሷ ጋዝ ለማመንጫዎቿ ስላልበቃ፣ ከ2007 ጀምሮ በባሕር ሥር በተዘረጋው የዶልፊን መስመር ከኳታር ጋዝ ታስገባለች። በመሆኑም ሽግግሩ ከአየር ንብረት ባሻገር የኃይል ዋስትና ጉዳይም ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ለ2050 የወጠነው ስብጥር 44 በመቶ ንጹሕ ኃይል፣ 38 በመቶ ጋዝ፣ 12 በመቶ «ንጹሕ» የተባለ ከሰልና 6 በመቶ ኒውክሌር ነበር። የከሰሉ ድርሻ ግን አልዘለቀም። አገሪቱ በኦክቶበር 2021 የተጣራ የካርቦን ልቀቷን በ2050 ዜሮ ለማድረስ አቅዳ ተነሣች፤ በዱባይ ለከሰል ታስቦ የተገነባው የሐስያን ማመንጫም በ2022 ወደ ጋዝ ተዛወረ። የተሻሻለው ስትራቴጂ የታዳሽ ኃይልን ድርሻ እስከ 2030 በሦስት እጥፍ ማሳደግን፣ የንጹሕ ኃይል አቅምን ወደ 19.8 ጊጋዋት ማድረስንና ለዚህም ከ150 እስከ 200 ቢሊዮን ድርሃም ማዋልን ግቡ አድርጓል።

ዋና ዋና ማመንጫዎች

በ2013 ሥራ የጀመረው ሻምስ 1 አቅሙ 100 ሜጋዋት ነበር። በ2019 በስዌይሓን የተጠናቀቀው ኑር አቡ ዳቢ 1,177 ሜጋዋት፣ በኖቬምበር 2023 የተመረቀው የአል ዳፍራ ጣቢያ ደግሞ 2,000 ሜጋዋት ደርሰዋል። በዱባይ በረሃ የሚገኘው የሞሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም የፀሐይ ኃይል ማዕከል በ2013 በ13 ሜጋዋት ተነሥቶ በየምዕራፉ እየሰፋ መጥቷል። ከፀሐይ ጎን ለጎን የቆመው የበራካ የኒውክሌር ጣቢያ አራተኛ ክፍሉ በሴፕቴምበር 2024 ሥራ ሲጀምር 5,600 ሜጋዋት አቅም ኖሮታል፤ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍላጎት እስከ ሩብ ድረስ ይሸፍናል።

የውኃና የኤሌክትሪክ ቁርኝት

በባሕረ ሰላጤው የኃይል ዕቅድ ከመጠጥ ውኃ ተነጥሎ አይታይም። ነባሮቹ ጣቢያዎች ኤሌክትሪክ ካመነጩ በኋላ በቀሪው እንፋሎት የባሕር ውኃን አትንነው ጨዉን ይለያሉ። በክረምት፣ የአየር ማቀዝቀዣዎች ሲያርፉ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ያሽቆለቁላል፤ የውኃ ፍላጎት ግን ብዙም አይቀንስም። በዚህ የተነሣ ኤሌክትሪኩ ባያስፈልግም ለውኃው ሲባል ጋዝ መንደዱ አይቀርም ነበር።

መፍትሔ የሆነው ውኃውን በከፍተኛ ግፊት በስስ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ይህ ዘዴ የሚፈልገው እንፋሎት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ብቻ በመሆኑ ከፀሐይና ከኒውክሌር ኃይል ጋር ይጣጣማል። በአቡ ዳቢ ጠዊላ የተገነባው የዚህ ዓይነት ጣቢያ በቀን ከ900 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የማጣራት አቅም አለው።

የሌሊቱ ጥያቄ

ፀሐይ ርካሽ ሆናለች። በ2015 በዱባይ ማዕከል ሁለተኛ ምዕራፍ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5.6 የአሜሪካ ሳንቲም የነበረው ዋጋ በአል ዳፍራ ወደ 1.32 ሳንቲም ወርዷል። ይሁን እንጂ የበጋው ሙቀት ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ አይጠልቅም፤ ማቀዝቀዣዎች ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። የስትራቴጂው ከባዱ ፈተናም የቀኑን ኃይል ለሌሊት ማቆየት ነው።

ለዚህ ሦስት መንገዶች ተይዘዋል። አንደኛው በዱባይ ከ262 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ማማ ዙሪያ በመስተዋቶች የሚሰበሰበውን ሙቀት በቀለጠ ጨው ማከማቸት ነው። ሁለተኛው በሐታ ተራሮች ቀን ውኃን ወደ ላይኛው ግድብ ገፍቶ ኃይል ሲያስፈልግ የሚለቅ 250 ሜጋዋት ጣቢያ ነው። ሦስተኛው በጃንዋሪ 2025 በአቡ ዳቢ ይፋ የሆነው ፕሮጀክት ሲሆን፣ 5.2 ጊጋዋት የፀሐይ ማመንጫን ከ19 ጊጋዋት ሰዓት ባትሪ ጋር ያጣምራል። ከዚህ ሁሉ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እንዲገኝ የታቀደው 1 ጊጋዋት ነው፤ ይህ ንጽጽር በፀሐይ ላይ የሚመሠረት ሥርዓት ምን ያህል ተጨማሪ አቅም እንደሚሻ ያሳያል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትስስር

የአቡ ዳቢው ማስዳር ኩባንያ በጃንዋሪ 2023 በኢትዮጵያ 500 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል በጋራ ለማልማት ተፈራርሟል። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ነው። እዚያ ፈተናው የዝናብ እጥረት እንጂ ሌሊቱ አይደለም፤ ቀን ፀሐይ ባመነጨችው መጠን የግድብ ውኃ ለምሽትና ለድርቅ ወራት ይቆጠባል። ኤምሬቶች በባትሪና በጨው የምትፈልገውን ማከማቻ ኢትዮጵያ በግድቦቿ ይዛዋለች።