ማርሽ ሠሪውና ማርሹ

በአገራችን ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው ሳያውቀው ጣልያንኛ ይሰማል። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን... እነዚህ ቃላት ከመኪናው ጋር አብረው መጥተው፣ በዘይትና በጥላሸት ተጠምቀው፣ አማርኛ ሆነው የቀሩ ናቸው። ከዚያው ቋንቋ የወጣ፣ ነገር ግን ከጋራዣችን ደጃፍ እምብዛም ያልደረሰ ሌላ ስያሜ አለ፤ «ግራን ቱሪስሞ» ይባላል። ፍቺው «ታላቅ ጉዞ» ነው። ሁለት ሰዎችን ከነሻንጣቸው ይዞ፣ ከአንዱ አገር ማልዶ ተነሥቶ፣ ተራራውን አቋርጦ፣ ሳያንገላታና ሳያደክም ማምሻውን ሌላ አገር የሚያደርስ ፈጣንና ምቹ መኪና የሚጠራበት ስም ነው።

የግጥምና የልቦለድ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት በዚህ ገጽ ስለ መኪና፣ ያውም ስለ መኪና ካምቢዮ ማውጋት ምን ይሉታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይታገሠኝ። በዚህ ከብረትና ከዘይት በተሠራ ሣጥን ዙሪያ የሰው ኩራት፣ የሰው ውርደትና የሰው ትዕግሥት ተፈትነዋል፤ እነዚህ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሥነ ጽሑፍ ጉዳዮች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከ1951 እንጀምር። በዚያ ዓመት የቱሪኑ ላንቺያ ኩባንያ «አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ» የተባለችውን መኪና ለገበያ አቀረበ። መኪናዋ ሁለት ሊትር ብቻ የሚይዝ ሞተር ነበራት፤ ካምቢዮዋና ፍሪሲዮኗ ግን እንደ ሌሎቹ ከሞተሩ ጀርባ ሳይሆን ከኋላ እግሮቿ መካከል፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተጣምረው ተቀምጠው ነበር። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን የተደረገ ብልሃት ነው። በዚያው ዓመት ጆቫኒ ብራኮና ኡምቤርቶ ማልዮሊ የተባሉ ጣልያናውያን በዚህች የጉዞ መኪና ሚሌ ሚሊያ በተባለው፣ ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማን ዞሮ በሚመለሰው የ1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር ገብተው ሁለተኛ ወጡ። የቀደማቸው ከእነርሱ በእጥፍ የሚበልጥ ሞተር የተሸከመ ፌራሪ ብቻ ነበር። ማልዮሊ የሚለውን ስም አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ለምቾት የተሠራውን መኪና ወደ መወዳደሪያ ሜዳ መውሰድ የባለጠጎች ፈተና ሆነ። ፈተና ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ግራን ቱሪስሞ ከላይ ሲያዩት ቆዳው የለሰለሰ፣ እንጨቱ የተወለወለ፣ ቀለሙ የሚያንጸባርቅ ነው። አባቶቻችን «ውስጡን ለቄስ» የሚሉት ነገር የሚጀምረው ሜዳው ላይ ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ካምቢዮ በከፍተኛው ማርሽ ረግቶ ለሰዓታት ይጓዛል፤ ነፋስ ያገኛል፤ ያርፋል። በመወዳደሪያ ሜዳ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሽ ወርዶ፣ ነዳጅ ተሰጥቶ፣ ማርሽ ወጥቶ፣ እንደገና ፍሬን ይረገጣል። ዕረፍት የለም።

ውሎዬ ባንክ ቤት ነውና ነገሩን በሒሳብ መዝገብ መልክ ማየት ይቀናኛል። ሞተር ያስገባው ኃይል ሁሉ ጎማ ላይ ወጪ ሆኖ አይገኝም፤ ከመሐል የሚጎድል አለ። ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ፣ ዘይት ሲናጥ፣ ዘንግ ሲሽከረከር የሚባክነው ነው። ተፈጥሮ ግን መዝገቧን ሳታመዛዝን አታድርም፤ የጎደለው ሁሉ «ሙቀት» በሚል አርእስት ተመዝግቦ ይገኛል። አንድ ሞተር 400 ኪሎ ዋት ኃይል ቢሰጥና ካምቢዮው ከዚህ ውስጥ 5 በመቶውን ብቻ ቢያባክን፣ የባከነው 20 ኪሎ ዋት ይሆናል። ይህ አምስት ወይም ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ ከሚሰጠው ግለት የሚስተካከል ነው፤ ያውም በአንዲት ጠባብ የብረት ሣጥን ውስጥ።

ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል። ሲቀጥን በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ብረትን ከብረት የሚለየው ስስ ሽፋን ይሳሳል። ብረት ብረትን ሲነካ መፋተጉ ይበረታል፤ መፋተጉ ሲበረታ ግለቱ ይጨምራል። ዕዳ ወለድን፣ ወለዱም ሌላ ዕዳን እንደሚወልደው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የካምቢዮ ዝምታ ነው። ሞተር ሲፈላ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይጮኻል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ካምቢዮ ግን ሕመሙን ችሎ ችሎ አንድ ቀን ይነክሳል።

የዚህን ዝምተኛ ሣጥን ነገር ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው እንግሊዛዊው ዴቪድ ብራውን ነበር። ሥራው፣ ርስቱና ስሙ ማርሽ ነበርና። አያቱ፣ እርሱም ዴቪድ ብራውን የሚባለው፣ በ1860 ሐደርስፊልድ በተባለችው የዮርክሻየር ከተማ ያቋቋመው ድርጅት በኋላ ጥርስ ያላቸው ማሽከርከሪያዎችን በመሥራት የታወቀ ሆነ። የልጅ ልጁ በ1947 አስተን ማርቲን የተባለውን የተቸገረ የመኪና ኩባንያ ገዛ፤ የመኪናዎቹንም ስም በራሱ ስም መነሻ ፊደላት «ዲ ቢ» አሰኘ። ምኞቱ አንድ ነበር፤ በፈረንሳይ ለ ማን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ማሸነፍ። ለዚህም «ዲ ቢ አር 1» የተባለችው መኪና ተሠራች። አያያዟ ያማረ፣ መልኳም የተዋበ ነበር። ካምቢዮዋ እንደ አውሬሊያ ከኋላ የተቀመጠ ሲሆን የተሠራው በባለቤቱ በዴቪድ ብራውን ፋብሪካ ነው።

የመኪናዋም ድካም ይኸው ካምቢዮ ሆነ። ሾፌሮቹ ሁሉ አማረሩት። ማርሽ ሠሪ በማርሹ ታማ።

በሰኔ 1957 በለ ማን ውድድር ቶኒ ብሩክስ የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት አስተን ማርቲኑን ይዞ በሁለተኛነት ይገሠግሥ ነበር። ብሩክስ የጥርስ ሕክምና የተማረ፣ ለስላሳና ዝምተኛ ሰው ነበር። ገና ሳይነጋ ካምቢዮው አራተኛው ማርሽ ላይ ነክሶ ቀረ። ብሩክስ ማርሹን አስለቅቃለሁ ብሎ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ለቅጽበት ቢያነሣ ቴርትር ሩዥ የተባለው መታጠፊያ ደረሰበት። መኪናው ተገለበጠ፤ እርሱም ከሥሩ ቀረ። ከኋላ በፍጥነት የደረሰ አንድ ፖርሸ የተገለበጠውን መኪና ገጭቶ ከላዩ ላይ አነሣለት። ሊገድለው የሚችለው ግጭት አዳነው። የዚያ ፖርሸ ሾፌር ማን ነበር? ከስድስት ዓመት በፊት አውሬሊያን ይዞ ሁለተኛ የወጣው ያው ኡምቤርቶ ማልዮሊ ነው። እንዲህ ያለውን መገጣጠም በልቦለድ ውስጥ ቢጽፉት አንባቢ «ደራሲው ጨመረበት» ባለ ነበር።

ብሩክስ ከዚያ አልጋ የተነሣው አንድ ውሳኔ ይዞ ነው፤ ጤንነቱ በሚያጠራጥር መኪና ከእንግዲህ አልወዳደርም የሚል። ሕይወትን ያለ በቂ ምክንያት ለአደጋ መስጠት ከሃይማኖቱም ጋር እንደማይስማማ ያምን ነበር።

1958 ለዴቪድ ብራውን የባሰ ሆነ። ኩባንያው ያሰለፋቸው ሦስቱም ዲ ቢ አር 1 መኪኖች ከመንገድ ቀሩ፤ አንዱን ሞተሩ፣ አንዱን ግጭት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ያው ካምቢዮ አስቀረው። የሚገርመው በግል ባለቤቶች የተያዘ አሮጌ አስተን ማርቲን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በሰኔ 1959 የቡድኑ አለቃ ሬጅ ፓርኔል ሌላ መላ መታ። ፈጣኑ ስተርሊንግ ሞስ እንደ ጥንቸል ቀድሞ እንዲሮጥና ፌራሪዎቹን በሩጫ እንዲያደክም፣ ሌሎቹ ግን በተለካ ፍጥነት እንዲጓዙ ተወሰነ። የሞስ መኪና እንደተጠበቀው ሞተሩ ተሰናከለ። እሑድ ረፋዱ ላይ ይመራ የነበረው የፊል ሂልና የኦሊቪዬ ዣንድቢያን ፌራሪ ደግሞ ግለት አሸንፎት ቆመ። በመጠን ሲጓዙ ያደሩት አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢና እንግሊዛዊው ሮይ ሳልቫዶሪ 323 ዙር ፈጽመው አንደኛ ሆኑ፤ ሌላው አስተን ማርቲን ተከተላቸው። ያን የመሰለ ሐሜት የተከመረበት ካምቢዮ በዚያ ቀን ሃያ አራት ሰዓት ጸና። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የተከታተሉት ደግሞ ማን ነበሩ ቢሉ የፌራሪ ግራን ቱሪስሞ መኪኖች ናቸው። ለውድድር ብቻ የተሠሩት ፈጣኖቹ ተቃጥለው ሲቀሩ፣ ለጉዞ የተወለዱት ልካቸውን አውቀው ደረሱ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቶኒ ብሩክስ በሌላ ፈተና ፊት ቆመ። በአሜሪካ ሴብሪንግ የፎርሙላ አንድ የመጨረሻው ውድድር ነበር፤ ብሩክስም ለፌራሪ እየነዳ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተስፋ ከነበራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። በመጀመሪያው ዙር የራሱ ቡድን ባልደረባ ከኋላ ገጨው። መኪናው ይሄዳል፤ የተሰበረ ነገር ይኑር አይኑር ግን አይታወቅም። በ1957 የገባው ቃል ትዝ አለው። ዙሩን እንደጨረሰ ቆሞ መኪናውን አስመረመረ። ምንም አልተሰበረም ነበር። የባከነበት ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ሦስተኛ ወጣ፤ የዓለም ሻምፒዮንነቱ ለጃክ ብራብሃም ሆነ፤ 31 ነጥብ ለ27። ብሩክስ ከእርሱ ዘመን ጓደኞች ብዙዎቹ በወጣትነት ሲቀጠፉ በ2022 በ90 ዓመቱ በሰላም ዐረፈ። ሁለቱን ደቂቃ ከስሮ ስድሳ ዓመት ያተረፈ ነው ብል ማጋነን ይሆን? አይመስለኝም። ቢያንስ ሒሳቡን እርሱ ራሱ ሠርቶ ፈርሞበታል።

ዴቪድ ብራውንስ? ለ ማንን ካሸነፈ በኋላ በስሙ የሚጠሩት ግራን ቱሪስሞ መኪኖች በዓለም ገነኑ። በ1963 የወጣችው ዲ ቢ 5 በሲኒማ ሳይቀር ስሟ ተጠራ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በዚያች መኪና ሆድ ውስጥ መደበኛ ሆኖ የገባው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ የሐደርስፊልድ ሥራ አልነበረም፤ ጀርመናዊው ዜድ ኤፍ የሠራው ነበር። ይህ ድርጅት በ1915 የዜፔሊን አየር መርከቦችን ማርሽ ለመሥራት የተቋቋመ ነው። ማርሽ ሠሪው ከሌላ ማርሽ ሠሪ ገዛ። ይህን ውርደት የሚል ይኖራል፤ እኔ ጥበብ እለዋለሁ። በገዛ ሙያው የሌላውን ብልጫ አምኖ መቀበል የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የኦቶማቲክ ነው። መነሻው የመርከብ ሥራ ነበር፤ ጀርመናዊው ሄርማን ፈቲንገር በ1905 ባስመዘገበው ፈጠራ ኃይል ከአንዱ ማሽከርከሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በጥርስ ሳይሆን በሚሽከረከር ፈሳሽ ነው። ለስላሳነቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሙቀቱም እንዲሁ። ሁለቱ ማሽከርከሪያዎች እኩል ሳይዞሩ ሲቀሩ በመካከላቸው የባከነው ኃይል ዘይቱን ያግለዋል። ለባለጠጋው የተመቸው ልስላሴ በሜዳው ላይ ዕዳ ይሆናል። በ2003 የወጣችው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ከ2,300 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝን፣ ከ550 የፈረስ ጉልበት ያላነሰ ሞተር የተሸከመች ነበረች፤ ካምቢዮዋም የዚያው የዜድ ኤፍ ባለ ስድስት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው። ይህን የሚያህል ክብደት በየመታጠፊያው አስቁሞ እንደገና ማስወንጨፍ ለዘይቱ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያየነው መዝገብ ይናገራል።

የዛሬ መኪኖች ግን እንደ ቀድሞዎቹ ዝምተኞች አይደሉም። በካምቢዮው ውስጥ የተቀመጠ መለኪያ የዘይቱን ሙቀት ያነባል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል፤ ካልተሰማም የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ልምድ ያላቸው ነጂዎችም የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ነድተው፣ ነፋስ አሳልፈው፣ ዘይቱን አቀዝቅዘው ያቆማሉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል መሆኑ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ኃይሉን የተነፈገ ባለመኪና ይናደድ ይሆናል። እኔ ግን ያን የማስጠንቀቂያ መብራት ሳስብ የሚታየኝ የሴብሪንጉ ብሩክስ ነው፤ ሺህ ሰው «ንዳ!» እያለው ዙሩን ጨርሶ የቆመው። እርሱ በቁስሉ የተማረውን ዛሬ ማሽኑ ያለ ቁስል ያውቀዋል። ለሰው የቀረው መብራቱ ሲበራ እግሩን ማንሣት ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን እስከ ዛሬ ለብዙዎቻችን ከባዱ ሥራ እርሱ ነው።