ሰም የሌለው ቋንቋ

የቅኔ ወዳጅ ሁሉ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት የንባብ ጸጋ ነውና። ይሁን እንጂ ድርብ ፍቺ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋበት ሥፍራም አለ። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ሰም ፈጽሞ የማይፈቀድበት ቋንቋ እንዴት እንደ ተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1949 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በካምብሪጅ አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። ጥያቄው ረጅም ፕሮግራም ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል የሚል ነበር። መልሱን በመደመር ምሳሌ አስረዳ። ብዙ ቁጥሮችን የደመረ ሰው የመጨረሻውን ድምር ብቻ ቢሰጠን፣ መርማሪው ሁሉን እንደ አዲስ መደመር ግድ ይሆንበታል። የየዓምዱን ድምርና ወደ ቀጣዩ የተሻገረውን ቁጥር ጽፎ ቢያኖር ግን እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ይመረመራል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ፣ በየደረጃው እውነት መሆን ያለበትን ነገር በግልጽ ቃል ያኑር አለ።

ሐሳቡ ለዓመታት ሰሚ አጥቶ ቆየ። በ1967 አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ፣ በ1969 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ዳግም አነሡት። ሆር በኦክስፎርድ የተማረው ላቲንን፣ ግሪክንና ፍልስፍናን ነበር። ሕጉም የቋንቋ ተማሪ ሕግ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ይቆማል። ፊተኛው እውነት ከሆነና ትእዛዙ ከተፈጸመ፣ ኋለኛው እውነት መሆኑ በሒሳብ ይረጋገጣል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሰዋስው መምህራን በአገባብ ላይ የሚያሳዩት ጥንቃቄ ትዝ ይለኛል።

ቃል ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚከተል ጁን 4 ቀን 1996 ታየ። የአውሮፓ ሮኬት አሪያን 5 ገና በመጀመሪያ በረራው፣ ከተነሣ 40 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው አራት ሳተላይቶችን እንደ ያዘ ተበታተነ። ምክንያቱም ከአሪያን 4 የተወረሰው ፕሮግራም አንድን የ64 ቢት ቁጥር በ16 ቢት ሥፍራ ሊያኖር መሞከሩ ነበር። በአሮጌው ሮኬት ቁጥሩ ከዚያ ወሰን አያልፍም ነበር፤ አዲሱ ግን ፈጣን ነው። ያ ወሰን መርማሪ በሚያየው ሥፍራ አልተጻፈም።

በተቃራኒው ኦክቶበር 15 ቀን 1998 የፓሪስ ምድር ውስጥ ባቡር 14ኛ መስመር ያለ ሾፌር ሥራ ጀመረ። የደኅንነት ፕሮግራሙ የተሠራው ፈረንሳዊው ዣን ሬሞን አብሪያል ባፈለቀው «ቢ» በተባለ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አስቀድሞ የሚፈለገው ነገር ብቻ በሒሳብ ቋንቋ ይጻፋል፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ዝርዝር ትእዛዝ ይወርዳል፤ የታችኛው ለላይኛው ታማኝ መሆኑም በእያንዳንዱ ደረጃ ይረጋገጣል። ከ100,000 የሚበልጡ መስመሮች በዚህ ቋንቋ ተጻፉ፤ ከ27,000 የሚበልጡ ማረጋገጫዎችም ተሠሩ። አብዛኞቹን ኮምፒውተር ራሱ ሲፈታ ቀሪዎቹን ሰዎች ፈቷቸው። በተረጋገጠው ክፍል ላይ በኋላ የተደረጉት ፈተናዎች ስሕተት አላገኙበትም።

ታዲያ ቃላችን ፍጹም ሆነ ማለት ነው? አይመስለኝም። ማረጋገጫው የሚመሰክረው ሥራው ለተሰጠው ቃል መታመኑን እንጂ ቃሉ ራሱ የሚገባው ቃል መሆኑን አይደለም። ባቡሩ በሩን መቼ ይክፈት፣ በምን ያህል ርቀት ይቁም ብሎ አስቀድሞ የሚወስነው ሰው ነው፤ ያንን የሚያውቀውም መንገደኛውን አስቦ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር የሚጽፈው ሰው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ የማያቃልልለት አደራ አለበት እላለሁ።